የካዛንቺሱ ሊቀ ሲንት

በእያንዳንዱ ሰፈር «ያለኝ ይበቃኛል» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ የሚያበግን አንድ ሰው አይጠፋም። መካኒክ ከሆነ በአንዲት ካቻቢቴ ሞተር አውርዶ ሞተር ይሰቅላል። ልብስ ሰፊ ከሆነ ከአባቱ የወረሳትን የእግር መኪና በኤሌክትሪክ ቀይራት ያለውን ሰው እስከ ዕድሜ ልኩ ይቀየመዋል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ድሃ ስለሆነ አይደለም፤ ስስታምም አይደለም። ኩራት ነው ያለበት። ሌላው አዲስ ዕቃ ገዝቶ ሲመጣ እሱ አንዴ ያያል፣ ከዚያ ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ከስድብ ይብሳል። ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ አንድ ሲታደል ለካዛንቺስ የደረሳት ተካ ነው።

ተካ የሙዚቃ አቀናባሪ ነው። ስቱዲዮው ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ያለች፣ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረች፣ ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ የተለበጠች ክፍል ናት። ጎሚስታው ጎማ መንፋት ሲጀምር ዘፋኙ አፉን ይዘጋል፤ ሲጨርስ ይከፍታል። ይህን የሥራ ደንብ የማያውቅ ድምፃዊ በካዛንቺስ አልነበረም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ዛሬ ዘፈን የሚቀነባበረው በኮምፒውተር ነው። የሙዚቃ ሶፍትዌሩ ሲጫን አብረውት የሚመጡ ሲንተሳይዘሮች አሉ፤ ከአንድ ጥሬ ድምፅ ተነስተው፣ ባለሙያው እየቆረጠና እያለሰለሰ የፈለገውን ድምፅ የሚያወጣባቸው። ሌሎች ኩባንያዎች ደግሞ ፕለጊን የሚባሉ ተጨማሪ የድምፅ መሣሪያዎች ሠርተው ይሸጣሉ። ይሸጣሉ ማለት፣ በውጭ አገር። በአዲስ አበባ ግን ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ እየተገለበጡ ከተማውን በነፃ ይዞሩ ነበር። በ2005 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የአንድ አቀናባሪ ክብር የሚለካው በጆሮው ሳይሆን በዲስኩ ስፋት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተካ አንድም ፕለጊን የለውም። ኖሮት አያውቅም። የሚሠራው ከሶፍትዌሩ ጋር በመጣው ሲንተሳይዘር፣ ሙዚቀኞች በአጭሩ ሲንት በሚሉት፣ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሙዚቀኞች «ሊቀ ሲንት» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። ማዕረጉ ሹፈት መሆኑን አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ተካ በደስታ ተቀብሎታል።

ከሊቀ ሲንት ጋር አንድ ክፍል ተካፍሎ መሥራት ምን እንደሚመስል ሊካሳ ይጠየቅ። ሊካሳ በዕድሜ ከተካ በስምንት ዓመት ያንሳል፤ በፕለጊን ግን በአራት መቶ ጊጋ ይበልጠዋል። ስታዲየም፣ ደምበል፣ ሳሪስ፣ የትም ይሁን አዲስ ፕለጊን ገባ ከተባለ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልሎ ይሄዳል። ሰባት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሊካሳ ደስ ብሎት ይዞ የመጣውን ሁሉ ተካ አንዴ አይቶ ዝም ብሏል።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሥነ ሥርዓት አለው። እንግዳው ዲስኩን አውጥቶ፣ «ጋሽ ተካ፣ አንድ ነገር ልጫንልህ፣ ትወደዋለህ» ሲለው፣ ተካ ወንበር ይስብለታል፣ አምቦ ውኃ ይከፍትለታል፣ ስለ ቤተሰቡ ይጠይቀዋል። ዲስኩን ግን አይነካም። «እኛ ጋ ቤት ያፈራውን ነው የምንበላው» ይላል። እንግዳው አፍሮ ከሄደ በኋላ ከልቡ አዝኖ፣ «የሰው ድምፅ ተሸክሞ ይዞራል፣ ምስኪን» ይላል። ሊካሳ ይህን ሲሰማ የገዛ ዲስኩን በእግሩ ወደ ጠረጴዛው ሥር ይገፋል።

አንድ ጊዜ ሊካሳ የዓለም የሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ የተሰበሰቡበት ፕለጊን አገኘ። ኢሲኤ አጥር ላይ ከተሰቀለው ባንዲራ የማይተናነስ አገር ገብቶበታል። የህንዱ አለ፣ የቻይናው አለ፣ ከሰሜን ዋልታ አጠገብ ያሉ ሰዎች የሚነፉት ቀንድ እንኳን አለ። ተካ በትዕግሥት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ማሲንቆስ?» አለ።

ሊካሳ ፈለገ፤ የለም።

በማግስቱ ተካ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ እዚያው ካዛንቺስ አንድ አዝማሪ ቤት፣ ገበያው ሳይጀምር፣ ማሲንቆ መቺው በሚለማመድበት ሰዓት፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ተገኘ። አይቀርጽም፣ አይጽፍም፤ ይሰማል። ሦስት ቀን እንዲህ አደረገ። በአራተኛው ቀን ከሲንቱ አንዲት ጥሬ ድምፅ አወጣና ይሞርዳት ጀመር። ደጋኑ ጭራውን ሲነካ የሚያሰማትን ቅንጣት ሻካራ ድምፅ ጨመረባት። ጣት ከኖታ ወደ ኖታ ሲንሸራተት የሚያሰማውን ለቅሶ ጨመረባት። በዘጠነኛው ቀን አዝማሪውን ጠርቶ አሰማው። አዝማሪው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና፣ «እጁ ጥሩ ነው፤ የማን ልጅ ነው?» ሲል ጠየቀ። ተካ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት እግሩ መሬት አልነካም።

ችግሩ ይህ ጆሮው የትም ቦታ አርፎ አለመቀመጡ ነው። ከሊካሳ ጋር ባንክ ሲሄዱ ተራ የሚጠራውን ማሽን ሰምቶ «ይሄ እኮ ባዶ ሳይን፣ ጥሬ ድምፅ ነው፤ ምንም አልለፉበትም» ይላል። አንድ ቀን ኡራኤል አካባቢ ልቅሶ ደረሱ። መብራት ጠፍቶ ኖሮ ድንኳኑ አጠገብ ጄኔሬተር ይንጎራጎራል። ቄሱ ሲያጽናኑ ሰው ሁሉ አቀርቅሯል፤ ተካም አቀርቅሯል። የሟች ወንድም ተካ እንዲህ በማዘኑ ልቡ ተነክቶ መሐረብ ሊያቀብለው እጁን ሲዘረጋ፣ ክቡር ሊቀ ሲንት ወደ ሊካሳ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ጄኔሬተሩ ሁለት ጥሬ ድምፅ ነው፣ አንደኛው ትንሽ ከቅኝት ወጥቷል» አሉ። ሊካሳ መሐረቡን ራሱ ተቀብሎ አፉን አፈነበት።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነው። ሳቅ ያልሆነው ደንበኛ ሲመጣ ነው። ገብረክርስቶስ የሚባል ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ ሙሉ አልበም ሊያሠራ መጥቶ፣ ገና ከመቀመጡ፣ «ምን ምን ፕለጊን አላችሁ?» አለ። ሊካሳ አፉን ሳይከፍት ተካ «ምንም» አለ። ቃሏን እንደ ማዕረግ ነበር የተናገራት። ገብረክርስቶስ ሻዩን ጨርሶ፣ አመስግኖ፣ ደምበል አጠገብ ወዳለው የጋዲሳ ስቱዲዮ ሄደ። የጋዲሳ ስቱዲዮ የመስታወት በር አለው፤ ያሉትን ፕለጊኖች ዝርዝር አሳትሞ፣ በፍሬም አድርጎ፣ መግቢያው ላይ ሰቅሎታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊካሳ ደንበኛ ሲመጣ በር ላይ ይቀበላል፣ በረንዳ ላይ ያነጋግራል፣ ተካ አፉን ሳይከፍት ውል ይጨርሳል። እውነቱን ለመናገር በተካ ያፍር ነበር። የሚወዱት ሰው ሲያሳፍር ደግሞ ከጠላት ይበልጥ ያንገበግባል።

የሙሉነሽ ዘፈን የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ሙሉነሽ ቄራ አንድ ሥጋ ቤት ካሸር ናት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ስትዘፍን ግን አትጮህም፣ ሰው ጠርታ እንደምታወራ ነው። የመጀመሪያ ዘፈኗን ለሊካሳ ሰጠችው። ሊካሳም እስከ ዛሬ የሰበሰበውን ሁሉ የሚያወጣበት ቀን መጣ ብሎ ድግስ ደገሰላት። ዘፈኑ ሃያ ትራክ ነበረው፤ ሃያ ለየብቻ የተደረደረ ድምፅ። አሥራ ዘጠኙ በአሥራ ዘጠኝ ፕለጊን የተሠሩ ናቸው። ሃያኛዋ የተካ ማሲንቆ ናት፤ እሷንም ሙሉነሽ ራሷ ለምና ነው ያስገባችው። ተሠርቶ ሲያልቅ ተካ ሰማና፣ «ይሄ ዘፈን ነው የሙሽራ ዕቃ?» ብሎ ወጣ።

የፈለገውን ይበል፣ ዘፈኑ ያምር ነበር። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰምቶ ለእንቁጣጣሽ ዝግጅቱ መረጠው። ቀረጻው ጳጉሜን አንድ፣ አርብ ጠዋት ሆነ። የሙሉነሽ እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወሬውን እንደሰሙ ለዕድራቸው፣ ለማኅበራቸው፣ ለጠቅላላው የቄራ ሰው ነገሩ።

በቀረጻው ሳምንት ሰኞ ዕለት የሊካሳ ኮምፒውተር በቫይረስ ተመታ። ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ ቅዳሜ ከስታዲየም ሌላ ፕለጊን ገልብጦ ነበር። መንገዱ ለባቡር ተቆፋፍሮ ስለነበር ኮምፒውተሩን በጀርባው አዝሎ፣ ጭቃውን እየዘለለ፣ ለተሚካኤል የምትባል ቴክኒሽያን ጋ ወሰደው። ለተሚካኤል አየችውና፣ «ፎርማት መደረግ አለበት። ፋይልህ ዲ ላይ ነው?» አለችው።

«ዲ ላይ ነው» አለ ሊካሳ፣ በኩራት። በዚያን ዘመን ሥራውን ሲ በሚባለው የዲስክ ክፍል የሚያስቀምጥ ሞኝ ብቻ ነበር፤ ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው ሲ ነውና። ሊካሳ ሞኝ አይደለም። ዘፈኑ በሙሉ ዲ ላይ ነበር። ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሥራ ዘጠኙ ፕለጊኖች የተጫኑት ሲ ላይ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቴሌቪዥን ጣቢያው ደወለ። ሙሉነሽ በቀጥታ ስለምትዘፍን ድምፅዋ የሌለበት ሙዚቃ ይምጣ አሉ። ሙሉነሽም ጉንፋን ይዟት ስለነበር ሙዚቃው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢልላት ብላ ስቱዲዮ መጣች። ሊካሳ ዘፈኑን ሲጨርስ ድምፅዋ ያለበትን ብቻ ነበር ያወጣው። የሌለበትን ማውጣት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ስለማይፈጅ ነው ሳያወጣው የቀረው። አሁን ችግር የለም፣ ቁጭ በይ አላትና ዘፈኑን ከፈተው።

ኮምፒውተሩ ፕለጊኑ አልተገኘም አለ። እሺ ሲለው ሌላውም አልተገኘም አለ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አልተገኘም ካለ በኋላ ተከፈተ። ሊካሳ ማጫወቻውን ነካው። ኖታዎቹ በስክሪኑ ላይ ሰልፋቸውን ጠብቀው ያልፋሉ፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። ከብዙ ዝምታ በኋላ የተካ ማሲንቆ ብቻዋን ገባች፣ ተራዋን ዘፈነች፣ መልሳ ዝም አለች።

ሙሉነሽ ስክሪኑን አየች፣ ሊካሳን አየች። «ሌላው የት ሄደ?»

«ጠፋ።»

«ይመለሳል?»

ሊካሳ የፕለጊን ዲስኩን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ ሰካው፤ ቫይረሱ እሱንም በልቶት ኖሯል። ስልኩን አንስቶ ፕለጊኖቹን ወደ ሰጠው ወደ ጉተማ ደወለ። ጉተማ ለበዓል ነቀምት ገብቷል፤ ዲስኩንም ይዞት ሄዷል። ከኢንተርኔት ላወርድ ብሎ ሞከረ፤ ኮምፒውተሩ አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል አለው። በመጨረሻ ኩራቱን ውጦ ለጋዲሳ ደወለ። ጋዲሳ በትሕትና አነጋገረው፤ ከአሥራ ዘጠኙ ስድስቱ እንዳሉት፣ ኮምፒውተሩ ግን እስከ እሑድ እንደተያዘ ነገረው።

«እማዬ ሰው ጠርታለች» አለች ሙሉነሽ፣ በጉንፋን ድምፅዋ። «ቴሌቪዥን የሌላቸው ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚመጡት። በቃ፣ ምን ብዬ ልንገራት?»

ልጅቷ ብታለቅስ ወይም ብትሳደብ ለሊካሳ ይቀለው ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ የሚሆነውን ትጠብቃለች። ይህ ዕድል ለሁለተኛ ጊዜ በሩን የሚያንኳኳላት አልነበረም፤ ያበላሸውም እሱ ነው። ከምንም በላይ የፈራው ግን የበሩን ድምፅ ነበር፤ ተካ የሚመጣበት ሰዓት ደርሷል።

ተካ መጣ። ሊካሳ ሁሉንም ነገረው፣ ሲውንም ዲውንም ሳይደብቅ። ነግሮት ሲጨርስ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለተከማቸ «አልኩህ» ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ተካ ግን ኮቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለና ወንበሩን ሳበ።

«ኖታው አለ?»

«ኖታው አለ። ድምፁ ነው የሌለው።»

«እንግዲያውስ ዘፈኑ አልጠፋም፤ ልብሱን ነው የተሰረቀው» አለና ወደ ሙሉነሽ ዞረ። «አንቺ ሂጂና ተኚ። ዝንጅብል በማር ጠጪ። አርብ ጠዋት ነይ።»

ከቤዙ ጀመረ። ሲንቱን ከፈተ፣ ጥሬ ድምፅ መረጠ፣ ቆረጠው። «ያንተ ቤዝ ሲነሳ ትንሽ ያንኳኳ ነበር። እንደ በር። ከዚያ ነው የሚወፍረው» እያለ ማንኳኳቱን ሠራለት። ሊካሳ ሰማ፤ ራሱ ነው። ቀጠለና ከኋላ የሚነፍሰውን እንደ ጭጋግ ያለውን ድምፅ ያዘ። «ይሄኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄድ ነበር፤ ሲመለስ ግን አይቸኩልም።» እሱም ራሱ ሆነ። ሊካሳ የመረጣቸውንና የደረደራቸውን ድምፆች ተካ ከባለቤቱ በላይ ያውቃቸዋል። የቱ እንደሚሻክር፣ የቱ ጫፉ ላይ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የቱ ዘግይቶ እንደሚጠፋ አንድ በአንድ ይናገራል።

አምስተኛው ላይ ሊካሳ መታገስ አልቻለም። «ተካ፣ ይሄን ሁሉ የት ሰማኸው? ስከፍት እኮ ትወጣ ነበር።»

ተካ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። «አንተ ምሳ ስትወጣ እከፍተው ነበር።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልሰማው ነዋ።»

«የሰው ድምፅ ምናምን እያልክ ስትሰድበው አልነበር እንዴ?»

«መጥፎ ነው ብዬ አላውቅም» አለ ተካ። «የኛ አይደለም ነው ያልኩት።»

ከዚያ ሊካሳ በሰባት ዓመት ውስጥ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር፣ ማውሱን ሳይለቅ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ አወራው። ተካ በወጣትነቱ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ኪቦርዱ የውሰት ነው። አንድ ቀን፣ ትልቅ ዝግጅት ባለበት ዕለት፣ እናቱና እህቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩት ከፊት ተቀምጠው ሳለ፣ ባለቤቱ መጥቶ ኪቦርዱን ወሰደ። ተካ ከመድረክ መውረድ ስላፈረ ከከበሮው አጠገብ ቆሞ እስከ መጨረሻው አጨበጨበ። «እናቴ ጥሩ አጨበጨብክ አለችኝ» ብሎ አራተኛውን ድምፅ እንደገና ማስተካከል ጀመረ።

ሊካሳ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ሰባት ዓመት ሙሉ ትዕቢት የመሰለው ነገር ቁስል ኖሯል።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ሊካሳ እየሮጠ ጎሚስታው ጋ ሄደና ጉዳዩን አስረዳው። ጎሚስታው ሙሉነሽን በድምፅዋ ያውቃታል፤ እሷ ስትዘፍን ጎማ ሳይነፋ ብዙ ቀን ቆሟል። ጄኔሬተሩን ለቀቀላቸውና ጎማ ሊያስነፋ የመጣውን ታክሲ ሁሉ «ዛሬ አየር የለም» እያለ ወደ ኡራኤል ሸኘው። አሥር ሰዓት ላይ አሥራ ስምንቱ ድምፆች አለቁ። ሦስቱ፣ ሊካሳ እያመመውም ቢሆን አምኗል፣ ከፊተኞቹ ይሻላሉ።

የቀረው ጥሩምባው ነበር። አዝማቹ ከመግባቱ በፊት አራት ቤት የሚሞላ፣ ዘፈኑን አንስቶ የሚያፈርጠው የሊካሳ ጥሩምባ። ተካ አንድ ሰዓት ሞከረው። ሌላ አንድ ሰዓት ሞከረው። ከሲንቱ የሚወጣው አንዴ እንደ መኪና ክላክስ፣ አንዴ እንደ ንብ ይሆናል። ሊካሳ ዳቦና አቮካዶ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ የጥሩምባው ትራክ ተዘግቷል።

«ይሄ ቦታ ባዶ ይሁን» አለ ተካ።

«አራት ቤት ሙሉ? ከበሮ ብቻ?»

«ባዶ ይሁን።»

ሊካሳ ገባው። ገባኝ ብሎ አሰበ ማለት ይሻላል። ሊቀ ሲንት ጥሩምባውን ድሮም አልወደደውም፤ አሁን ምቹ ጊዜ አግኝቶ አስወገደው። ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ ለእሱ ጥፋት ለፍቷልና ሊከራከረው አልደፈረም። ዘፈኑን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው አወጡት። በዚህኛው ጊዜ ሊካሳ አምስት ቦታ ገለበጠው።

አርብ ቀረጻው ደህና አለፈ። ሊካሳ ሥራ ስለነበረበት አልሄደም፤ ሙሉነሽ ደውላ «በቃ ጥሩ ነበር፣ ማለቴ፣ ታዩታላችሁ» ብቻ አለች።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ቄራ ተጠሩ። የወይዘሮ ተናኘወርቅ ቤት በሰው ሞልቶ መስኮቱ ላይ ሳይቀር ጭንቅላት ተደርድሯል። ሙሉነሽ እናቷ እግር ሥር ቄጠማው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ከሶፋው ጥግ ጋዲሳ ተቀምጧል፤ ለካ የደምበሉ ጋዲሳ እዚያው ግቢ ተወልዶ ያደገ የጎረቤት ልጅ ነው። ሊካሳ ሲያየው የጎረሰውን ሳያላምጥ ዋጠ። ሌላው ሰው ዘፈን ይሰማል፤ ጋዲሳ ግን የተሰፋበትን ክር ነው የሚያየው።

ዘፈኑ ጀመረ። የሙሉነሽ ድምፅ በጉንፋኑ ትንሽ ሻክሮ፣ ይበልጥ የራሷ ሆኖ ወጣ። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ሊካሳ ጋዲሳን አየው። ከበሮው ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ በቀረጻው አዳራሽ የነበረው ሰው፣ ማንም ሳያዘው፣ ከበሮውን ተከትሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ቄራ ያለው ቤትም አብሮ አጨበጨበ፣ መስኮቱ ላይ ያሉትም ጭምር። ወይዘሮ ተናኘወርቅ እልል አሉ። አዝማቹ ሲገባ ሙሉነሽ ፊቷን ገለጠች።

ሲያልቅ ሁሉም ተነስቶ ሳማት። ግርግሩ በረድ ሲል ጋዲሳ ወንበሩን ወደ ተካ አስጠጋ። ድምፁ ዝቅ ያለ አልነበረም፤ ቤቱ ሁሉ ሰማው።

«ጋሽ ተካ፣ ልጠይቅህ። ያቺ ከአዝማቹ በፊት ያለችው ባዶ ቦታ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሩምባ ነበር የሚሞላባት። እንዴት አሰብካት? እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ለመተው አልደፍርም።»

ሊካሳ አቀረቀረ። የሚመጣውን ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ፣ በእንዲህ ያለ ሰው፣ እንዲህ ባለ ቀን፣ ይህን ያህል ምስክር ባለበት ተጠይቆ ንግግር የማያደርግ ሊቅ የለም። ሙሉ ቤት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ተካ እጁን በናፕኪን ጠረገ።

«አስቤ አይደለም» አለ። «ጥሩምባ ነበረባት። ሊካሳ ነው ያስገባው፣ በጣም ያምር ነበር። ጠፍቶብን እኔ ልሠራው ሞክሬ አቃተኝ።»

ጋዲሳ ሳቀ፤ ትሕትና መስሎታል። «በሲንቱ አይወጣም ማለት ነው?»

«ሲንቱማ ይችላል» አለ ተካ፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ። «እኔ ነኝ ያልቻልኩት።»

ሊካሳ ቀና ብሎ አየው። ኮሌታው የነተበ ሸሚዝ፣ በሚጥሚጣ የቀላ ከንፈር፣ ስለ ሲንቱ ክብር የተቆጣ ግንባር። ደንበኛን በረንዳ ላይ እያስቀረ የደበቀው ሰው ይህ ነው። እውነቱን የማያውቁ ሰዎች ያሞገሱትን ነገር፣ ዝም ቢል የእሱ ሆኖ የሚቀረውን ነገር፣ የኔ አይደለም ብሎ ለባለቤቱ የመለሰ ሰው። ሊካሳ የራሱ ዘፈን በቴሌቪዥን ታይቷል፣ ስሙ በስክሪኑ ተጽፏል፤ በእነዚያም ደስ ብሎታል። የኮራው ግን በዚህ ነው። ደረቱ ሞላ፣ ዓይኑም ሞላ፣ ማንም ሳያየው በእጁ ጀርባ ጠረገው።

ከዚያ ወደ ጋዲሳ ዞረና፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሊቀ ሲንት ማለት እሱ ነው» አለ። «አብሬው ነው የምሠራው።»